«ያለ ጣፊያም ይኖራል» ብለን የተውነው ነገር
ለገሃር አካባቢ በተካሄደ የእድሮች የጤና ውይይት ላይ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ያደረጉት ንግግር

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከሥራ ሰዓታችሁ ቆርሳችሁ የመጣችሁ የታክሲ አሽከርካሪዎች፣ የየሰፈሩ ቡድን አሠልጣኞች፣ ወጣቶች፦ እንደምን ዋላችሁ!

አስተባባሪዎቹ ስለ ምን እንደምናገር ሲጠይቁኝ «ስለ ጣፊያ» ብላቸው ጥቂት ዝም አሉ። የጠበቁት ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት ነበርና ዝምታቸው ገብቶኛል። የጣፊያ ስም በቤታችን የሚነሣው ምናልባት የበዓል በግ ሲታረድ ነው፤ ከዚያ በቀር ማን ያስታውሰዋል? እኔ ግን በዚሁ በመሃል አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ገደማ በቀዶ ሐኪምነት ስሠራ፣ ሰው ሲዘነጋው እንደ ጣፊያ የሚያስከፍል የሰውነት ክፍል እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ አስቀድሜ ሥራውን፣ ቀጥሎ የሚያሳብጡትን በሽታዎች፣ ከዚያ የሚደርስበትን ጉዳት፣ በመጨረሻም ጣፊያው የወጣለትን ሰው ሕይወት አነሣለሁ። የመጣሁት ለመጨረሻው ነው፤ እስከዚያ ታገሡኝ።

እስቲ ቀኝ እጃችሁን አሻግራችሁ በግራ ጎናችሁ፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ላይ አሳርፉ። ከእጃችሁ ሥር፣ ከ9ኛው እስከ 11ኛው ባለው የጎድን አጥንት ተከልሎ፣ ከጨጓራ ኋላ ተጠግቶ የተቀመጠው ነው ጣፊያ። መጠኑ የተጨበጠ እጅ ያህል፣ ክብደቱ በጤነኛ አዋቂ ሰው 150 ግራም ገደማ፣ መልኩ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ቀይ ነው። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየደቂቃው ከ200 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ደም፣ ማለትም አንድ የውኃ ብርጭቆ ያህል፣ ያልፍበታል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ስለ ጉዳት ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ያ ሁሉ ደም እዚያ ምን ይሠራል? ይጣራል። አንድ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ካገለገለ በኋላ ይደርቃል፤ እንደ ልብ መተጣጠፍ ያቅተዋል። ጣፊያ ውስጥ ደግሞ ከሴሉ ከራሱ የጠበቡ ስንጥቆች አሉ። ወጣቱ ሴል ተጣጥፎ ያልፋል፤ ያረጀው፣ ወይም የወባ ተውሳክ ገብቶበት የጠጠረው፣ እዚያው ተይዞ ይፈርሳል። ወንፊት በሉት። ሁለተኛው ሥራው ከወንፊትነት ይበልጣል። የሳንባ ምችንና ማጅራት ገትርን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋና ዋናዎቹ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን የለበሱ ናቸው፤ የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ሊይዟቸው ሲሞክሩ ያመልጣሉ። እነዚህን ለይቶ የሚያውቅ፣ ምልክት የሚያደርግባቸውና ከደም ውስጥ ለቅሞ የሚያወጣ ዋናው ዘበኛ ጣፊያ ነው። የቀረው የሰውነት ክፍል ያግዘዋል፤ አይተካውም ግን።

ወደ በሽታዎቹ ልለፍ። እዚህ ላይ አጠር አደርጋለሁ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ቀን የሚወስድ ነውና። አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙ እለምናለሁ፦ ያበጠ ጣፊያ ብዙውን ጊዜ የሌላ በሽታ ምልክት ነው። ጤነኛ ጣፊያ ከጎድን አጥንት ሥር ስለሚደበቅ በእጅ አይዳሰስም፤ ከተዳሰሰ ቢያንስ እጥፍ ያህል አድጓል ማለት ነው። ያን ጊዜ መጠየቅ ያለበት «ምን አሳበጠው?» የሚለው ነው። ደጋግሞ የያዘ ወባ ሊሆን ይችላል። ቢልሃርዝያ ጉበትን አጠንክሮ ደሙ ወደ ኋላ ወደ ጣፊያ እንዲጫን አድርጎ ሊሆን ይችላል። ታይፎይድ፣ ግርሻ ያለው ትኩሳት፣ የጉበት በሽታ፣ የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል። በተለይ ሥር የሰደደ አንዱ ዓይነት የደም ካንሰር ጣፊያን እስከ እምብርት ድረስ ያወርደዋል፤ ዛሬ ኢማቲኒብ በሚባል በአፍ በሚወሰድ ክኒን ብዙ ዓመት በጤና መኖር የሚቻልበት በሽታ ነው። ቢልሃርዝያን ካነሣሁ ዘንድ አገራችን ለዓለም ያበረከተችውን ሳልጠቅስ አላልፍም፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ በሽታውን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድላት ያሳዩት እዚሁ እኛው ዘንድ ነው። ልብስ ማጠቢያችን ውስጥ የነበረ መድኃኒት!

ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ ግን በዝግታ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ከሰፈራችን ወጣቶች መካከል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚሄዱ አሉ። በዚያ ቆላ ጥቁሩ መሬት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ የምትኖር ከትንኝ ያነሰች የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ደጅ የተኛውን ሠራተኛ ትነድፈዋለች። ተውሳኩ በጉበት፣ በአጥንት መቅኔና በጣፊያ ውስጥ ይራባል። ልጁ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ከወራት በኋላ ሳይቀር ትኩሳቱ ይጀምራል፤ ሳምንታት ይቆያል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ሆዱ ግን በግራ በኩል ይነፋል። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ከታከመ ይድናል።

አንድ ወጣት አስታውሳለሁ። ከመተማ ከተመለሰ አራት ወር ሆኖታል። ሸሚዙን ሲያወልቅ በግራ ጎኑ ላይ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ጠባሳዎች አየሁ። ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ነበሩ። ጣፊያው ስላበጠ በጋለ ብረት ተተኩሶ ነው። ሁለቱ ገና አልደረቁም፤ መግል ይዘዋል። እናቱ አጠገቡ ቆመው «የተባልኩትን ሁሉ አድርጌያለሁ ዶክተር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማንም እናት የተባለችውን ታደርጋለች። የሚያስቆጨው የተባለው ነገር ነው። ወደሚመለከተው ክፍል ልከነው የ17 ቀን መርፌውን ተወጋ፤ በስድስተኛው ወር ሲመጣ ጣፊያው በእጄ አልዳሰስ አለኝ። መተኮሱ ምን ጨመረለት? ቁስል ብቻ። እባካችሁ፣ ያበጠን ጣፊያ አታስተኩሱ፤ አታስበጡ፤ አታሳሹ። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም ይውሰድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አሁን ወደ ጉዳት ልምጣ።

አሠልጣኞች፣ አሽከርካሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። በመኪና አደጋ፣ በውድቀት፣ በርግጫ ሆዱን ከተመታ ሰው ውስጥ ዘወትር ከሚጎዱት የሆድ ዕቃዎች አንዱ ጣፊያ ነው። ለምን? በስስ ሽፋን የተሸፈነ፣ በደም የራሰ ልፍስፍስ ሥጋ ስለሆነ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ዓመት ለፋሲካ በታረደው በግ ላይ ሞከርኩት። ጣፊያውን ከጨጓራው ላይ ለይቼ፣ በምላጭ ሰንጥቄ፣ በቀዶ ሕክምና መርፌና ክር ልሰፋው ተነሣሁ። ክሩን ጠበቅ ሳደርገው ሥጋውን እየቆረጠ ወጣ። ደግሜ ሰፋሁ፤ ደግሞ ቆረጠው። እርጥብ እንጀራ እንደ መስፋት ነው። ዛሬም በሰው ላይ ይህንኑ ስሠራ ክሩን የምጎትተው ያን ቀን በተማርኩት ልክ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፤ አንዳንድ ጊዜ አይሳካም። በየደቂቃው አንድ ብርጭቆ ደም የሚያልፍበት አካል እንደዚህ ሲቀደድ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ጣፊያ ሁልጊዜ ወዲያው አለመፍሰሱ ነው። ሽፋኑ ሳይቀደድ ሥጋው ውስጥ ሊደማ፣ ደሙ እዚያው ተቋጥሮ ሊቆይ፣ ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ በአምስተኛው ቀን፣ አልፎ አልፎም ከሳምንት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። ሰውየው ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ «ደህና ነኝ» ብሎ ይሄዳል። ደህና አይደለም።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ጃንሜዳ አጠገብ ከብስክሌት ሲወድቅ የእጀታው ጫፍ ከግራ ጎድኑ ሥር ገባበት። እቤት እንዳይቆጡት ብሎ ደበቀ። ማታ ግራ ትከሻውን አመመው። ልብ በሉ፤ ሆዴን አላለም፤ ትከሻዬን ነው ያለው። እናቱ «ጀርባህን ብርድ መትቶሃል» ብለው ቅቤ ቀቡት። በማግስቱ ሲብስበት ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት፤ ወጌሻው ትከሻውን አገላብጠው አሹት፤ ወልቆ እንዳልሆነ ግን በሐቀኝነት ተናገሩ። ትከሻው እኮ ምንም አልሆነም! ከጣፊያው የፈሰሰው ደም ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ከሥር ሲነካው፣ የዚያ ጡንቻ ነርቭ ከአንገት ስለሚመጣ፣ አንጎል ሕመሙን የትከሻ አድርጎ ያነብበዋል። ጎኑን ተመትቶ ግራ ትከሻዬን አመመኝ የሚል ሰው ስታዩ፣ በተለይ ሲተኛ የሚብስበት ከሆነ፣ አታሹት፤ አትቀቡት። ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በትከሻው ውስጥ የሚጮኸው ጣፊያው ነው።

ልጁ ድንገተኛ ክፍል የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ከንፈሩ ነጭ፣ መዳፉ ቀዝቃዛ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 128 ነበር። አልትራሳውንዱን ከግራ ጎኑ ላይ ሳሳርፍ በኩላሊቱና በጣፊያው መካከል ሊኖር የማይገባው ጥቁር ጥላ በስክሪኑ ላይ ታየኝ፤ ደም ነው። አባቱ «አሁኑኑ ክፈቱልኝ» አሉኝ። ነገር ግን አልከፈትንም። ሁለት ከረጢት ደም ስንሰጠው የልብ ምቱ ወረደ፤ ግፊቱም ተመልሶ ጸና። ሲቲ ስካኑ ጉዳቱ ሦስተኛ ደረጃ መሆኑን አሳየን፤ የጣፊያ ጉዳት ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይመደባል፤ 5ኛው ሙሉ በሙሉ የተሰባበረ ወይም ደም ሥሩ የተቆረጠ ነው። ደሙ ከቆመና ሰውየው ከጸና ጣፊያው ራሱን ያድናል፤ በልጆች ላይ በተለይ አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ይህ ማለት ግን ዝም ብሎ መተኛት አይደለም። በየሰዓቱ የልብ ምቱንና ግፊቱን እየለካን፣ የደም መጠን ምርመራውን እየደጋገምን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አዘጋጅተን፣ አምስት ቀን ከአልጋ ሳይወርድ ጠበቅነው። ከዚያም ሦስት ወር ኳስና ብስክሌት ከልክለን አሰናበትነው። ጣፊያው ዛሬም ሆዱ ውስጥ አለ። ሁለቱ ከረጢት ደም ከማያውቃቸው ሰዎች የመጣ ነው። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኞች በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ትችላላችሁ፤ እኔ ስለ ጣፊያ ሕክምና ሳስብ ከቢላዬ በፊት የሚታየኝ ያ ከረጢት ነው።

እንዲህ ሁልጊዜ አይሆንም። ደም እየተሰጠው ግፊቱ የሚወርድ ሰው መከፈት አለበት፤ እዚያ ላይ ማመንታት ገዳይ ነው። የሚደማውን ደም ሥር በቀጭን ቱቦ ገብቶ የመድፈን ዘዴም አለ፤ በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ቦታ አይገኝም። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ጣፊያውን እናወጣለን። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ሕይወት ያድናል። አንዳንድ የደም በሽታዎችም፣ መድኃኒት እምቢ ሲል፣ ጣፊያ በማውጣት ይታከማሉ። በማውጣቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከወጣ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ስለ ራሴ ነው። ገና በሥራ መጀመሪያዬ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ በሚኒባስ አደጋ ጣፊያው የተሰባበረ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ቀደድኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ጣፊያውን አወጣሁ፤ ልጁ ተረፈ፤ በስምንተኛው ቀን በእግሩ ሄደ። ሲሰናበት «ዶክተር፣ አሁን የሚጎድለኝ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ትከሻውን መታ አድርጌ «አይዞህ፣ ያለ ጣፊያም ይኖራል» አልኩት። ክትባት አላዘዝኩለትም። የሚይዘው ወረቀት አልሰጠሁትም። ሲያተኩሰህ ሩጥ አላልኩትም።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ያንኑ ልጅ በቃሬዛ ላይ አየሁት። ፊቱን ከመለየቴ በፊት የሆዱን ጠባሳ ነው ያወቅሁት፤ የራሴ ስፌት ነው። ከቀትር በኋላ ብርድ ብርድ ብሎት፣ ጉንፋን መስሎት፣ ትኩስ ሻይ ጠጥቶ ተኝቷል። ሌሊት ማስታወክ ጀመረው። ሲነጋ ጣቶቹ ጠቁረው፣ ቆዳው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ወጥቶበት ነበር። ከቀትር በፊት ሞተ። ከመጀመሪያው ብርድ ብርድታ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ሃያ ሰዓት አልሞላም። ታናሽ እህቱ ያቺኑ የሻይ ብርጭቆ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጥታ ነበር፤ ተመርዞ ይሆናል ብላ። ምን ብዬ ልንገራት? መርዙ ሻዩ ውስጥ አልነበረም። እኔ ሳልነግረው የቀረሁት ነገር ነበር።

ይህ ነገር በሕክምናው ዓለም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግና ሹማከር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ጣፊያቸው በወጣላቸው ሕፃናት ላይ አይተው ጽፈውታል። የሚያሙለጨልጭ ሽፋን የለበሱት ባክቴሪያዎች ዘበኛ ሲያጡ በሰዓታት ውስጥ በደም ውስጥ ይራባሉ። የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው፤ ከደረሰ ግን ግማሽ ያህሉን ሊገድል ይችላል። ከወጣ ከአንድ ወርም፣ ከሃያ ዓመትም በኋላ ይመጣል። ያን ሁሉ ዓመት ደህና መሆን ዋስትና አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ክትባት፦ ለሳንባ ምች ባክቴሪያ፣ ለማጅራት ገትር፣ ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት «ቢ» ለሚባለው ባክቴሪያ። ቀዶ ሕክምናው በቀጠሮ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፤ በድንገት ከወጣ ደግሞ ከ14 ቀን በኋላ። ለልጆቻችን የሳንባ ምች ክትባት በመደበኛው ፕሮግራም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ግን አልተከተበም፤ ስለዚህ «ሕፃን ሳለሁ ተከትቤያለሁ» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ሐኪሙ ካርዱን ይይ። ሁለተኛ፣ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን፤ ለልጆች በየቀኑ፣ ለአዋቂ ሐኪሙ ለወሰነው ጊዜ፤ ከከተማ ርቆ ለሚሄድም በኪሱ። ሦስተኛ፣ ወባ። ወደ ቆላ የሚሄድ ጣፊያ የሌለው ሰው መከላከያ መድኃኒት ሳይወስድና አጎበር ሳይዝ አይንቀሳቀስ፤ የጠጠሩትን ሴሎች የሚያጣራው ወንፊት የለምና ወባው ይበረታበታል። ውሻ ከነከሰውም፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ የዕብድ ውሻውን ክትባት ብቻ ተከትቦ እንዳይመለስ፤ ጣፊያ እንደሌለው ተናግሮ ፀረ ባክቴሪያ ይጠይቅ።

አራተኛውን ደግሜ ደጋግሜ እለዋለሁ። ጣፊያ የሌለው ሰው ሲያተኩሰው አይተኛ። ሲያተኩሰው አይተኛ። ሻይ ጠጥቶ አይጠብቅ፤ እስኪነጋ አይጠብቅ፤ ቅዳሜ ነው፣ በዓል ነው አይበል። ኪሱ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ውጦ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ፣ የመጀመሪያ ቃሉ «ጣፊያ የለኝም» ይሁን። እንዲህ ያለውን ሰው ተራ አታስጠብቁ ብዬ የማሠለጥናቸውን ሐኪሞች ሁሉ እነግራለሁ፤ እናንተ ደግሞ ከእኛ ጋር ተከራከሩ። ተከራከሩ ስላችሁ ከልቤ ነው። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀሉ ቁጥር 907 ነው።

ከመቀመጫችሁ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከደረቱ ሥር እስከ እምብርቱ የሚወርድ ረጅም የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ያለው፣ ከአደጋ በኋላ የተከፈተ፣ ምን እንደወጣለት በትክክል የማያውቅ ሰው ከእናንተ መካከል ወይም ከቤታችሁ አለ? ከዓመታት በፊት የተሰጠችውን ወረቀት፣ ከሳጥን ሥርም ቢሆን ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ወረቀቱ ከጠፋም ሰውየውን አምጡት፤ አልትራሳውንድ ጣፊያ መኖሩንና አለመኖሩን በአምስት ደቂቃ ይናገራል። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በዚህ በጎን ክፍል ውስጥ ከሁለት ነርሶች ጋር እቆያለሁ። የክትባት ካርድ ያላችሁ ካርዳችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ የሌላችሁም ግቡ።